የአንበሶ ቅልጥም

ሰሞኑን ጎረቤቴ ዘሐራ ድመቷን በሻርፕ ጠቅልላ መጣች። የኋላ እግሯ ተሰብሯል። «ጋሼ ይርጋ፣ የሰው አጥንት የሚጠግን እጅ ለድመት ይሰንፋል?» ብላ ነካካችኝ። «የእንስሳት ሐኪም ቤት ውሰጃት» አልኳት። ወሰደቻት፤ ግን አኩርፋኛለች። ወጌሻ የተሰበረ አላይም ብሎ ሲመልስ አይታ አታውቅም። ምክንያቴን ይኸው ጽፌዋለሁ።

መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ዓመት ይመስለኛል። ከዳባት ወረድ ብሎ ባለው አገራችን ወጣት ወጌሻ ነበርኩ። ሙያውን ከአባቴ ወረስኩ፤ ግትርነቱን ራሴ ጨመርኩበት።

ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ ትርንጎ አንበሶ የሚባል ውሻ ነበራቸው። በጎቻቸውን ከነብርና ከጅብ የሚጠብቅላቸው እሱ ብቻ ነው። መስከረም ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ከገብስ ሲያባርር ከገደል ተንከባሎ የኋላ ቅልጥሙ ለሁለት ተሰበረ። በቀርከሃ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። «እስከ ሰባት ቀን ከእኔ እጅ በቀር ማንም እንዳይነካው» አልኩ፤ የቤታችን ደንብ ነበር። አንበሶ ግን ጨርቁን እየነከሰ አላስቀምጥ አለ። እኔ ብልሁ ጨርቁን ሬት ቀባሁት። ምሬቱን ሲቀምስ ተወው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ።

በአራተኛው ቀን እትዬ ትርንጎ መጡ። «አንተ፣ የእግሩ ጣት እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።»

«ሰባት ቀን ብያለሁ!»

«እሱ ከሞተ በጎቼ ደጅ አንተ ታድራለህ?»

ደባርቅ የከብት ሐኪም መምጣቱን ሰምተው ኖሮ፣ ውሻውን በስልቻ ይዘን በጭነት መኪና ወጣን። መንገዱ ጭቃ ነው። ገበያተኞች የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ይስቁብኛል።

«ውሻ ልታሳክም? ሚስትህንስ አሳክመህ ታውቃለህ?» አለ አንዱ።

«ሚስት የለኝም።»

«እንዲህ ሆነህማ አታገኝም!»

እትዬ ትርንጎ ሳይቀሩ ሳቁ። እሸት ሰጡኝ፤ በእጄ እንደያዝኩት ጆሮዬን ወደ ስልቻው ጣልኩ። ስልቻው ውስጥ ልቅሶው ቆሞ ነበር።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የተነካከሰውን፣ ሬት የሚሸተውን እስር በመቀስ ቆረጠው። እግሩ አብጦ ጣቱ ጠቁሯል። ቀና ብሎ አየኝ። አንበሶን በመርፌ አስተኛው፣ ጠጉሩን ላጨ፣ ሥጋውን ቀደደ። የተሰበረው አጥንት ጫፍና ጫፉ ተላልፏል፤ ጅማቱ ጨምድዶ ይዞታል። ብቻውን ታገለና አልሆነለትም።

«ወጌሻው አንተ ነህ አይደል? ታጠብና ና» አለኝ።

እግሩን ይዤ ሳብኩ። «ቀስ… ቀስ… ያዝ!» ይለኛል። ዓይኔ ደም ብቻ ነው የሚያየው፤ ጫፎቹ ሲገጥሙ ግን በመዳፌ ተሰማኝ። «አሁን» አልኩት። ቀጭን የብረት ዘንግ እያሽከረከረ በመቅኒው መሐል ሰደደው። ከዚያ ሰፋው።

እትዬ ትርንጎ ደጅ ጠብቀው «እስሩ ነው የጎዳው?» አሉት። እጁ አይረባም ለተባለ ወጌሻ ማን ክንዱን ይሰጠዋል?

«አዎ፣ ጠብቆበታል፤ ሁለት ጣት ያጣል» አለ ሐኪሙ። «ያለዚህ ልጅ እጅ ግን አጥንቱ አይገጥምልኝም ነበር።»

እኔን ለብቻዬ ወሰደኝ። «ጨርቁን ሲነክስ ጠግቦ አይደለም፤ እየነገረህ ነበር። አንተ አፉን በሬት ዘጋኸው።» ከፍቶኝ፣ ተናድጄም ወጣሁ።

አንበሶ ሁለት ጣቱን አጣ። ብረቱም በኋላ ወጣለት። ጥምቀት ሲደርስ እያነከሰ ከበጎቹ ፊት ይሄድ ነበር። በዓመቱ እትዬ ትርንጎ ወድቀው ክንዳቸው ሲሰበር፣ ወደ እኔ መጡ። አሰርኳቸው። «ጠበቀ?» አልኳቸው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ጠብቋል» አሉ። እዚያው ፈትቼ እንደገና አሰርኩ።

ስንት ዘመን የሰው እግርና ክንድ ጠገንኩ። «ጠበቀኝ» ለማለት የሚፈራኝ ሰው የለም፤ ድመት ስትነግረኝ ግን እንደ አንበሶ ሳልሰማት እንዳልቀር እፈራለሁ። ይኸን የተማርኩት ከዚያ ሐኪም ነው፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። ያን ዕለት በእልኬ እግዜር ይስጥልኝ ሳልለው ወጣሁ። ዘግይቻለሁ፤ ይኸው ዛሬ አልኩት።