ከሰሉ መጥፎ ነበር

ክላይቭ ሆልሮይድ ማክሰኞ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን በገበያ ዘንቢል ይዞ ካርንፎርዝ ወደሚገኘው የአረጋውያን መኖሪያ ይሄዳል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል፣ አውቶቡስ ግን አይሳፈርም። የባቡር ሰው በአውቶቡስ ሲሄድ መታየት የለበትም ባይ ነው። እንዲህ ያለ ግትር ነው።

የሚሄደው ኢኖክ ሃርግሪቭስን ሊጠይቅ ነው። ኢኖክ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው። በእንፋሎት ባቡር ዘመን ሹፌሩ እሳቸው ነበሩ፤ ከጎናቸው ቆሞ ከሰል የሚዝቀውና እሳቱን የሚያነደው ደግሞ ክላይቭ። አሁን ማንንም አይለዩም፤ ካወሩም ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል።

ክላይቭ የሚነግራቸው አንድ ነገር አለው። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ነገ ዛሬ ሲል ኖሮ አሁን ጊዜው አለቀበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክላይቭና ኢኖክ መንገደኛ የሞላ ባቡር ይዘው የሻፕን ዳገት ሲወጡ የግፊት መለኪያው መርፌ ትንሽ ዝቅ አለ። እንዲህ ሲሆን የሠራበት ሰው ከሰሉን በትንሽ በትንሹ ይበትናል፣ ይጠብቃል። ክላይቭ ግን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበርና ደነገጠ። አካፋውን አንስቶ ምድጃውን እስከ አፉ ሞላው። እሳቱ ታፈነ፣ ጭሱ ጠቆረ። እንፋሎቱ በሚፈላበት ጋን፣ በቦይለሩ፣ ያለው ውሃም አንሶ ስለነበር ቀዝቃዛ ውሃ ማስገባት ግድ ሆነ፤ ያኔ መርፌው ቁልቁል ወረደ። ባቡሩ ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አሉ ኢኖክ።

«ከሰሉ ነው» አለ ክላይቭ። ሳያስበው ከአፉ የወጣው ይኸው ነበር።

ከኋላ የሚገፋ ሌላ ባቡር እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ቆሙ። ኢኖክ ነገሩን ላጣሩት የባቡር ድርጅቱ መርማሪዎች «ከሰሉ መጥፎ ነበር» ብለው ጻፉ። ከሰሉ ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘበትም። ኢኖክ ውሸታም ተባሉና ከረጅሙ መንገድ ተነስተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጣቢያው ግቢ ውስጥ ባዶ ፉርጎ ሲያመላልሱ ኖሩ። ክላይቭ ትንፍሽ አላለም። ፈራ፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ላፕቶፑ ላይ የባቡር መንዳት ጨዋታ የጫነችለት የልጅ ልጁ ናት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከኢኖክ ጎን ተቀምጦ ይነዳዋል። ባቡሩ ልክ እንደ ድሮው ነው፤ ቁልፍ ሲነካ ከሰል ይገባል፣ ሌላ ሲነካ ውሃ ይገባል። ሙቀቱና የወገብ ሕመሙ ብቻ የሉበትም። አንድ ማክሰኞ ክላይቭ እስከዚያ ቀን ሲሸሸው የኖረውን መንገድ፣ ሻፕን መረጠ።

አስታማሚዋ ሼረል ሻይና ብስኩት አስቀመጠችላቸው። «ዛሬም እኔን ጥላችሁኝ ልትሄዱ ነው?»

«ትኬት ቆርጠሻል?»

«ሻዩ ትኬት አይሆንም?» ብላ እየሳቀች ወጣች።

ዳገቱ ተጀመረ። መርፌው ትንሽ ዝቅ አለ። ክላይቭ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ አልጋው ላይ ተኝቶ ስንት ጊዜ አስቦበታል። ጣቱ ግን አልሰማውም። ቁልፉን ደጋግሞ መታው፣ ምድጃው ሞላ፣ ጭሱ ጠቆረ፣ ባቡሩ እዚያው ዳገት ላይ ቆመ። ጨዋታ ነው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ አልሆነለትም፣ አፈረ።

የኢኖክ እጅ ቀስ ብሎ መጥቶ በስክሪኑ ላይ ያለውን መርፌ ነካ።

«ከሰሉ መጥፎ ነው» አሉ።

ክላይቭ ክው አለ። «አይደለም፣ ኢኖክ። ከሰሉ ደህና ነበር። እሳቱን ያፈንኩት እኔ ነኝ። ዋሸሁዎት።»

ኢኖክ እንደማያውቁት ሰው ትክ ብለው አዩት። በሩን ቃኙና ጠጋ እንዲል በእጃቸው ጠሩት።

«አውቃለሁ እንጂ! ዓይን የለኝም እንዴ? ምድጃውን አይቼዋለሁ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ከሰሉ ነው ብለው ጻፉ?»

«እሱ ገና ልጅ ነዋ! አንዴ ስሙ ከጠፋ የትኛው ሹፌር አብሮት ይወጣል? እኔ ስሜን ሠርቼ ጨርሻለሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንተን ማን እንደሆንክ አላውቅህም፣ ፊትህ ግን ደግ ይመስላል። አደራህን፣ እንዳትነግረው። ማወቄን ከሰማ ሁለተኛ አካፋ አያነሳም።»

እኔ ነኝ ሊላቸው አፉን ከፈተ። እሳቸው ግን መልሱን በጭንቀት እየጠበቁ ነበር፤ የሚጨነቁትም ለዚያ ልጅ ነበር። ክላይቭ እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልነግረውም» አለ።

«ማልልኝ።»

ክላይቭ ማለላቸው።