ወረፋ የያዙት ድንጋዮች

ውኃ መቅጃው ቦኖ ጋ የነበርነው እነዚህ ነን። ጋዜጠኛዋ ቧንቧው አጠገብ፣ ካሜራ የያዘው ሰውዬ ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ከፊቷ፣ የወረዳው የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር። ጎረቤቴና የሰፈራችን ሴቶች ከአጥሩ ውጪ ቆመዋል። እኔን ከጋዜጠኛዋ ቀኝ አቁመውኛል።

ባለሙያው በዋዜማው ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «እማማ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ነገርም አያበዙም» ብሎኝ ነበር። ዝም የምትል ሴት የሌላ ሰው ቃል ለማሸከም ትመቻለች ብዬ ጠረጠርሁ። «ቁልፍ መልእክት» ብሎ የጠራውን ሦስት ነጥብ አስጠናኝ፤ ቦኖው በሕዝብ ተሳትፎ ተሠራ፣ የእናቶችን ድካም አቀለለ፣ እኛም እንጠብቀዋለን።

«ሌላ ነገር ከጠየቀችኝሳ?»

«‹ዋናው ነገር› ይበሉና ወደ ሦስቱ ይመለሱ። ደጋግመው ይመለሱ።»

ቦኖው ከተተከለ ወዲህ ውኃ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ያን ጠዋት ግን ቧንቧው ገና ሳይከፈት ይንጠባጠብ ነበር። ውኃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ሥር የውኃ ቦቴ ጎማ የረገጠው ጭቃ አየሁ። እኛ አገር፣ ኮኪት ላይ፣ በዚያ በበጋው ወቅት ጭቃ አይታይም። ውኃው የመጣው ለካሜራው ነው፤ ካለቀ አለቀ።

እኛ ዘንድ ባዶ ጀሪካን ትተው ቢሄዱ አያገኙትም፤ ስለዚህ ወረፋ የምንይዘው በድንጋይ ነው። እያንዳንዷ ድንጋይዋን ታውቃለች፣ የሌላዋን አትነካም። የመጀመሪያው ድንጋይ የጎረቤቴ ነበር። ልጇ ወልዳ ተኝታለች፤ ቤቷ ውስጥ ለአራሷ የሚሆን ጠብታ ውኃ የለም።

ባለሙያው ድንጋዮቹን አየና፣ «ይሄ ለምስል አያምርም» ብሎ እየለቀመ አጥሩ ሥር ከመራቸው።

«ኧረ አንተ ልጅ! እሱ እኮ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች ጎረቤቴ።

«እናቴ፣ ድንጋይ ነው እኮ።»

ነጥቦቹን ነግሬያት የነበረችው አንዷ ከኋላ፣ «ተዪው፤ ቃለ መጠይቁን ከድንጋይሽ ጋር ያድርግ። ድንጋይም ሦስት ነጥብ ማጥናት አያቅተውም» አለች።

ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ግን ሁሉም ፊተኛዋ እኔ ነበርሁ ማለት ጀመሩ። ጎረቤቴን እየገፉ ወደ ኋላ አደረሷት።

ጋዜጠኛዋ ማይኩን አስጠጋችልኝ። «እማማ፣ ቦኖው ኑሮዎን እንዴት ለወጠው?»

«ዋናው ነገር፣ መጀመሪያ የነበረው ድንጋይ የጎረቤቴ ነው። ቤቷ አራስ አለች።»

ባለሙያው ከጥላው ወጣ። ጋዜጠኛዋ ግር ብሏት፣ «በፊትስ ውኃ ከየት ነበር የምትቀዱት?» አለች።

«ከወንዝ። ዋናው ነገር፣ መጀመሪያ የነበረው ድንጋይ የእሷ ነው።»

«እማማ፣ ነጥቦቹን…» አለ ባለሙያው።

«ደጋግመው ይመለሱ ያልኸኝ አንተ ነህ።»

ጋዜጠኛዋ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «እውነት ነው?»

ካሜራውም አብሮ ዞረ። አንድም የካደች የለችም። አራሷን አስበው ይሁን ካሜራውን ፈርተው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ መንገድ ለቀቁላት።

«ይሄ ይቆረጣል» አለ ባለሙያው ለካሜራው ሰውዬ።

«ይቆረጥ» አልሁ።

የጎረቤቴ ጀሪካን ሲሞላ በእጀታው እንጨት አሾለክን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ተሸክመን ሄድን።