ወደ አቃቂ፣ ወደ መድረክ ሚስቴ ቤት

ቅዳሜ ጠዋት ከፒያሳ የተነሣሁት ለመሰናበት ነው። ትወናን ልተው ወስኜ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈውን ቃል ስናገር ኖሬ፣ ሃምሳዎቹን ካጋመስኩ በኋላ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ፦ ይሄ ሁሉ ለማን ምን ፈየደ? ግንበኛ ያቆመውን ግድግዳ ያሳያል። እኔስ? የባለቤቴ ወንድም ቤት የሚሸጥ ድርጅት አለው። "ፊትህ ይታወቃል፤ ና ደንበኛ አምጣልኝ" ብሎኝ መልሴን እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን እትዬ ዘነቡን ማየት ነበረብኝ። እትዬ ዘነቡ ለብዙ ዓመታት የመድረክ ሚስቴ ነበሩ። በየከተማው ይዘነው የዞርነው አንድ አስቂኝ ቴአትር ነበረን፤ ባል የቤቱን አልጋ ሸጦ፣ ሱፍ ልብስ ገዝቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ይገባል፤ ሚስት በስድብ ትቀበለዋለች። መድረክ ላይ "አንቺ" እላቸዋለሁ፤ ስንወርድ ታላቄ ናቸውና "እርስዎ" ነው። ዘንድሮ ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ተሻለው፤ አንደበታቸው ግን ተያዘ። ልጃቸው መቅደስ ደውላ፣ "ጋሼ፣ እማዬ ሰው ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እርስዎን ግን ምናልባት..." አለችኝ።

እስከ ቃሊቲ

ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። እስከ ሳሪስ አቦ ቆሜ ሄድኩ። እዚያ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ በመስኮት ተሳለሙና ቦታ ለቀቁልኝ፤ እሳቸው ወራጅ ነበሩ። ቃሊቲ ስወርድ ፀሐዩ ከረር ብሎ፣ አቧራውና የናፍጣው ጭስ ተቀላቅሎ ጠበቀኝ። ወደ ማረሚያ ቤት የሚሄዱ ጠያቂዎች ምሳ ዕቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው በጥላው በኩል ይራመዳሉ። "አቃቂ! አቃቂ! አንድ ሰው፣ የሞላ!" ይላል የታክሲው ረዳት፤ የሞላ ያለው ታክሲ ግን ገና ግማሹ ባዶ ነው። ተሳፈርኩ።

አቃቂ ድልድዩን እንደተሻገርን ወርጄ፣ አንድ የስልጤ ሰው ሱቅ ብርቱካን ልገዛ ገባሁ። ሰውየው ሚዛኑን ትቶ ትክ ብሎ አየኝ።

"እርስዎ ያ በቴሌቪዥን የወንድሙን ልጅ ቤት የቀማው ክፉ አጎት አይደሉም?"

"ነኝ።"

"ባለቤቴ ብታገኝዎት ኖሮ በሰላም አይወጡም ነበር!" እየሳቀ ሁለት ብርቱካን መረቀልኝ። በሌላ ቀን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ዕለት ግን፣ ለዚህ ነው እንግዲህ የኖርኩት፣ እያልኩ ባጃጅ ያዝኩ።

እትዬ ዘነቡ ዘንድ

ቤታቸው ከኮብልስቶኑ መንገድ ገባ ብሎ፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። መቅደስ እጄን ይዛ አስገባችኝ። እትዬ ዘነቡ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ዓይናቸው በራ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። እንባቸው መጣ።

የማወራው ስላጣሁ የመጣሁበትን ተናገርኩ። "እትዬ፣ ትወናውን ልተወው ነው። ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ብዙ ተቀመጥኩ፤ አልዞሩልኝም። ልሄድ ተነሥቼ በሩ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ። ወጥቼ መሄድ ሲገባኝ፣ የጃኬቴን ኮሌታ አስተካክዬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ እንደዚያ ባል እየተጀነንኩ ተመልሼ ገባሁ።

"አንቺ ሴት! እስቲ እይኝ፤ ሱፌ አያምርም?"

መቅደስ ደነገጠች። በሕመምተኛ እናቷ ላይ "አንቺ" ብዬ ስጮህ ያበድኩ ሳይመስላት አልቀረም።

"ዝም አልሽ? ውበቴ አፍሽን ያዘው?"

ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብለው ዞሩ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። "አ... አል..." መቅደስ ልታግዛቸው ስትጠጋ በእጄ ከለከልኳት። መድረክ ላይ የጓደኛህን ቃል አትነጥቅም፤ ትጠብቃለህ። ጠበቅሁ። ላብ አጠመቀኝ።

"አልጋውን..."

"አልጋውን ምን?"

"አልጋውን ሸጠህ... ሱፍ ለበስክ?" ድምፃቸው ጎረነነ፤ ቃሉ ግን ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "እንግዲህ ሱፉ ላይ ተኛ!"

መቅደስ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቶች አረፋ በክንዳቸው እንደያዙ እየሮጡ ገቡ። እትዬ ዘነቡ ግን ወደ በሩ እየጠቆሙ ውጪ እንድናወጣቸው በምልክት ጠየቁ። ግቢው መሐል ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ እኔ በዋናው በር እየተጀነንኩ ገባሁ፤ ከመጀመሪያው ጀመርነው። አንዳንዱ ቃል ጠፋቸው፣ አንዳንዱ ላይ ተንተባተቡ፤ ሲጠፋቸው እጃቸውን አወናጭፈው እንደገና ይጀምራሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ስንጨርስ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ እሳቸው እንደተቀመጡ፣ ለተመልካች አጎነበስን።

"እትዬ፣ ደከመዎት?" አልኳቸው።

አልደከመኝም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊናገሩ ፈለጉ፤ የቴአትሩ ቃል እየተደናቀፈም ሲመጣላቸው የራሳቸው ግን አሁንም ያስቸግራቸዋል። ታገሉ፣ ታገሉና፣ "ነገ... ና" አሉኝ።

ይህን ማንም አልጻፈላቸውም።

መመለሻ

ከቃሊቲ ባቡር ይዤ ስመለስ ለባለቤቴ ወንድም ደወልኩ። "ቤቱን ሌላ ሰው ይሽጥልህ፤ ነገ ልምምድ አለኝ።" ቅር አለው። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ግፊያ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። የእኔ ሥራ መናገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ አብሮህ ለቆመው ሰው ቃሉን አቀብለህ፣ እስኪመልስልህ ተስፋ ሳትቆርጥ መጠበቅም ሥራ ነው። ሰው ለዚህ ቢኖር አያንሰውም።

ባለቤቴ በሩን ከፍታ ፊቴን ስታየው ግራ ገባት።

"እትዬ ዘነቡ እንዴት ናቸው?"

"ሰደቡኝ!" አልኳት፤ አቅፌ እያሽከረከርኳት። "እልል በይ፣ ሰደቡኝ!"