የማንኪራው የንብ ባለሙያ

ከፈለኝ የማር አገር በሆነችው ማንኪራ መወለዱ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ችግሩ በሰባት ዓመቱ ለትምህርት ቦንጋ አክስቱ ዘንድ ከመጣ ወዲህ ንብን በቅርብ ያያት ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ስትወድቅ ብቻ መሆኑ ነው። ግን ይሄን ለማን ይናገራል? ቦንጋ ላይ "የማንኪራ ልጅ ነኝ" ያለ ሰው ዛፍ ላይ ቀፎ የሰቀለ፣ ማር የቆረጠ፣ ንብ የምታውቀው ሰው ነው። እናም ከፈለኝ በሚሠራበት መዝገብ ቤት የማር ወሬ በተነሳ ቁጥር ራሱን እየነቀነቀ "እሱን ለእኛ ተዉት" ሲል አርባ ሰባት ዓመት ሞላው። ማን ያጣራል!

እውነተኛው ባለሙያ አባቱ ጋሽ አባተ ናቸው። ስድሳ ዓመት ሙሉ ጫካው ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ እየወጡ ቀፎ ሲሰቅሉ ኖረዋል። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ፣ በሰማንያ ዓመታቸው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ዛፍ ሲወጡ ጎረቤታቸው አይቶ ለከፈለኝ ደወለለት። ከፈለኝ በማግስቱ ሄዶ ለምኖ፣ ተለማምጦ፣ ቦንጋ አመጣቸው። በረንዳው ላይ ምርጡን ወንበር ሰጣቸው፣ ጋቢ ደረበላቸው፣ ቴሌቪዥኑን ሳይቀር ወደ መስኮቱ አዞረላቸው። እንጨት ልፍለጥ ሲሉ "ኧረ አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ!" አጥሩን ልጠግን ሲሉ "እርስዎ ብቻ ይቀመጡ!" ሚስቱ ዙፋንም እንደዚያው። ሽማግሌው ሦስት ወር ተቀመጡ። ከዚያ የገና በዓል በዋለ በሦስተኛው ቀን "ፋሲካን ውዬ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ" አሉ። አሉ፤ አለቀ።

ከፈለኝ እህል አልወርድ አለው። እዚያ ማን አላቸው? በሄዱ በሳምንቱ ዛፍ ላይ እንደሚወጡ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስልክ ደግሞ የመርዶ ነው። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ አንድ ቀን ጭኑን መታና "ንቡ ነው የናፈቃቸው!" አለ። ጓሮው ውስጥ ንብ ካለ አባቱ የትም አይሄዱም። እንዲህ ነው ያሰበው፣ ምስኪን።

በዚያው ሰሞን የሦስት ቀን የዘመናዊ ንብ ማነብ ሥልጠና ነበርና ተመዘገበ። አሠልጣኟ ማርቲ ከሌላ ክልል ገና ተመድባ የመጣች ትጉህ ልጅ ናት። የትውልድ መንደሩን ሲነግራት ዓይኗ በራ። "ማንኪራ? እንግዲያማ እርስዎ ነዎት እኛን የሚያሠለጥኑን!" እዚህ ላይ "የለም እህቴ፣ እኔ ንብ እፈራለሁ" ማለት ነበረበት። አላለም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ተነሳና፣ ንብ ቀፎዋ ከመከፈቱ በፊት ሦስት ጊዜ ጎንበስ ተብሎ በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ሰላም ካልተባለች እንደምትቀየም አስረዳ። ማርቲ "አገር በቀል እውቀት" የሚል ርዕስ ሰጥታ አንድ ሳይቀራት ጻፈችው። የቀረውን ጊዜ ከፈለኝ "የማውቀውን ምን ልስማ" እያለ ውጭ ሻይ ሲጠጣ ዋለ።

ቢጫ ቀለም የተቀባ የሣጥን ቀፎ ከነንቡ ተገዝቶ ጓሮ አቮካዶው ሥር ተቀመጠ። ጋሽ አባተ በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው አንዴ ዞሩት።

"ምንድን ነው? የዶሮ ቤት?"

"ዘመናዊ ቀፎ ነው አባባ።"

"መሬት ላይ? ጉንዳን ይወጣበታል እኮ።" እጃቸውን ወደ ክዳኑ ዘረጉ።

"ኧረ አባባ፣ እንዳይነድፉዎት! እርስዎ ይቀመጡ፣ ሁሉንም እኔ አውቀዋለሁ።"

ስድሳ ዓመት ከንብ ጋር የኖረውን ሰው "እንዳይነድፉዎት" አለው፤ ስሙልኝ እንግዲህ! ጋሽ አባተ በከዘራቸው እየተደገፉ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ፋሲካ አለፈ፣ ቅዳሜው ደረሰ። የሚወስዳቸው ባጃጅ ለስድስት ሰዓት ተቀጥሯል። ከፈለኝ አንድ ተስፋ ብቻ ቀርቶታል፦ ነጩን ማር ከነሰፈፉ ቆርጦ በሰሃን ሊያቀርብላቸው። ቀምሰው ሆዳቸው ሲባባ ይቀሩ ይሆናል። የስንብት ቀን ነውና ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ አንገቱ ላይ ሽቶ ነስንሶ፣ ነጩን ቱታ ከነመከለያ ባርኔጣው ለበሰ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ወደ ቀፎው ሲራመድ የግቢው በር ተንኳኳ። ማርቲ ናት፣ ደብተር የያዙ አሥራ ሁለት ሠልጣኞች አስከትላ።

"ጋሽ ከፈለኝ፣ ለልምድ ልውውጥ ነው የመጣነው! ሳንነግርዎት መጣን፣ ይቅርታ።"

ምን ይበል? አባቱ ከበረንዳ እያዩት ነው። ደረቱን ነፋና ቀፎው ፊት ቆመ። ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ በካፊኖኖ ሰላምታ ሰጠ። አሥራ ሁለቱም ተከትለውት ጎንበስ ጎንበስ አሉ።

"ምን ጠፍቷቸው ነው የሚፈልጉት?" ብለው ጋሽ አባተ ዙፋንን ጠየቋት።

ከፈለኝ ክዳኑን ከፈተ። የንብ ማጨሻውን ጫን፣ ጫን አደረገው፤ የሚወጣው ንፋስ ብቻ ነው። እሳቱን ረስቶታል! ሱሪውንም ቦት ጫማው ውስጥ መክተት ነበረበት፤ እሱ ግን ከላይ ለቆታል። የመጀመሪያዋ ንብ መንገዱን አገኘች። ከፈለኝ ቀኝ እግሩን አንስቶ ጭኑን በጥፊ መታ። ሠልጣኞቹ ጻፉ።

"ይሄኛው ደግሞ ምን ይባላል?" አለች ማርቲ።

"ማ... ማረጋጊያ ነው!"

"ማረጋጊያ" ብለው ጻፉ። ሁለተኛዋ ንብ ግን ከመጀመሪያዋ አልፋ፣ ስሙ በሰው ፊት የማይጠራ ቦታ ደረሰች። "እናቴ ድረሺልኝ!" አለና ከፈለኝ እግሬ አውጪኝ አለ። አቮካዶውን ሦስት ጊዜ ዞረው። ሁለት ጎበዝ ሠልጣኞች የትምህርቱ ክፍል መስሏቸው ተከትለውት ዞሩ። ባርኔጣው ውስጥም ንብ ገብታ ነበርና አውልቆ ወረወረው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሽቶው የቀረውን ንብ ሁሉ ጠራው። ጉድ ፈላ! ማርቲ ዶሮ ቤት ገባች፣ ሠልጣኞቹ አጥር ላይ ተንጠላጠሉ፣ ባለሙያው ደግሞ፣ ዙፋን ልብስ የዘፈዘፈችበት ሳፋ ውስጥ በጭንቅላቱ ተተከለ።

"ቁሙ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!"

ጋሽ አባተ ናቸው። ይሄን ድምፅ ቤቱ ከመጡ ወዲህ የሰማው የለም። ጋቢያቸውን ጥለው፣ ከዘራቸውን ረስተው፣ የደረቀ የኮባ ቅጠል ጠቅልለው ከምድጃው ለኮሱ። ቀስ ብለው፣ እፍ እያሉ፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ቀረቡ። አንዲት ንብ ቅንድባቸው ላይ ስትሄድ ዝም አሏት። ጭሱን ሰጡ፣ ጠበቁ፣ ክዳኑን መለሱት። ግቢው ጸጥ አለ።

"በቀትር! በሽቶ! ያለ ጭስ!" አሉ። "ለንብ እጅ ንሱ ያላችሁ ማነው?"

አሥራ ሁለት ጣት ወደ ሳፋው አመለከተ።

"የማንኪራ አገር በቀል እውቀት ነው ብለውን..." አለች ማርቲ ከዶሮ ቤት።

"የየትኛው ማንኪራ?"

ከፈለኝ ሳሙናውን ከፊቱ ጠረገ። ከንፈሩ አብጦ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። "አባባ፣ እኔ ምንም አላውቅም" አለ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። "ንብ እፈራለሁ። እርስዎ እንዳይሄዱብኝ ብዬ ነው። ሄደው ዛፍ ላይ ይወጡና... ፈራሁ።"

ሽማግሌው የሚጨሰውን የኮባ ቅጠል መሬት ላይ ረግጠው አጠፉ። ከዚያ ወደ ቀፎው ዞሩ። "ክዳኑ ተወላግዷል። እግሩም ላይ ጉንዳኑ ጀምሯል፤ ብዬህ ነበር" አሉ። "መጋዝ አለ?"

"ቆጡ ላይ አለ" አለ ከፈለኝ። ራሳቸው ሊያመጡ ሲሄዱም አልከለከላቸውም።

ውጭ ባጃጁ ጡሩንባውን ነፋ። ጋሽ አባተ መጋዙን በብብታቸው ይዘው ማንኪራ ላለው ጎረቤታቸው ስልክ ደወሉ። እንደ ልማዳቸው እየጮኹ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

"አልመጣም! የለም፣ እኔ ደህና ነኝ! ልጁ ነው እንጂ! ምንም አያውቅም ስልህ! ቀፎውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ሽቶ ተቀብቶ... አዎ፣ ሽቶ! ጥዬው ብሄድ ይገድሉታል!"

ዙፋን ኀፍረት ይዟት፣ ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ልትነግራቸው ተነሳች። ከፈለኝ በአንድ ዓይኑ እያያት ቀሚሷን ያዘ።

"ተያቸው" አለ፣ "ይስደቡኝ።"