የታጠቡት ባልጩቶች

ዙለይሃ ጠዋት ስትነሣ ጉልበቷ ከእሷ ቀድሞ ደክሞ ይጠብቃታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳርቻ እስከ ተዳፋቱ ጎብኚ እየመራች በቀን ሦስት አራት ጊዜ ወጥታለች፣ ወርዳለች። የአገሩ ሰው "የድንጋይዋ ዙለይሃ" ይላታል። ስሙን አልጠላችውም፤ ለመውደድ ግን ጊዜ አላገኘችም።

ከሐይቅ ከተማ በባጃጅ የሚመጣው ጎብኚ የሚመጣው ውሃውን ሊያይ፣ ፎቶ ሊነሣ ነው። እሷ ደግሞ "እስቲ አንዴ ወደ መሬት ተመልከቱ" ትላለች። ተዳፋቱ ላይ ባልጩት ተበትኗል፤ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ ምላጭ የመሰለ ጥቁር ድንጋይ። እርሻ ሳይታወቅ፣ ብረት ሳይቀልጥ፣ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት እዚህ ተቀምጠው ድንጋይ በድንጋይ እየጠረቡ ሥጋ የቆረጡ፣ ቆዳ የፋቁ ሰዎች ትተውት የሄዱት ነው። ይህን ያስተማሯት አንድ በጋ መጥተው የከረሙ ተመራማሪዎች ናቸው። ሲሄዱ ድንጋዮቹ ከወደቁበት እንዳይነሡ አደራ አሏት። ጠራቢው የት እንደተቀመጠ፣ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ የሚናገረው አወዳደቃቸው ነው።

"ወርቅ የለበትም?" ይላል ጎብኚው።

"የለበትም።"

"ታዲያ ምን ያደርጋል?"

ይህንንም ዘጠኝ ዓመት ስትመልስ ኖራለች።

በዚያ ሳምንት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ተዳፋቱ ለጉብኝት ይከለል ወይስ ባሕር ዛፍ ይተከልበት የሚለውን ለመወሰን ሐሙስ ከወረዳ ሰዎች ሊመጡ ነው። የችግኝ ጉድጓድ ከተቆፈረ ድንጋዩም የእሷም ሥራ አበቃ። ዙለይሃ ለጎረቤቶቿ "ትልልቅ እንግዶች አሉብኝ፤ አደራ ከብት እንዳታስገቡብኝ" ብላ፣ ለእንግዶቹ የሚታደለውን ወረቀት ፎቶ ኮፒ ልታስደርግ ረቡዕ ሐይቅ ከተማ ወረደች። መብራት ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋለች።

ሐሙስ ማለዳ ስትመጣ ተዳፋቱ እንደ አውድማ ተጠርጎ አገኘችው። አንዲት ጠጠር የለችበትም። ዳር ላይ ካለው ዋርካ ሥር ወገብ የሚደርስ ጥቁር ክምር በፀሐይ ያብለጨልጫል። ከክምሩ አጠገብ የመንደሩ ሽማግሌ አያ አሕመዲን በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ጎረቤቷ ሰርካለም መጥረጊያዋን ይዛለች። ከኋላቸው ሃያ የሚሆን ሰው ላቡን ይጠርጋል።

"ትናንት ደቦ ጠራን፤ ጧትም ጨረስነው" አሉ አያ አሕመዲን። "እንግዳ እየመጣ ደጅ ሳይጠረግ ይቀበሉታል እንዴ? ሰዉ ጎንበስ ቀና ከሚል አንድ ላይ ይየው ብለን ነው።"

"እኔ ደግሞ በሳሙና አጠብኩልሽ" አለች ሰርካለም። "ስንት ሺህ ዓመት ነበር ያልሽኝ? ያን ሁሉ ዘመን ውሃ አልነካውም፣ ምስኪን።"

ዙለይሃ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ልትቆጣ ብላ ተወችው። ድንጋዩ ለምን እንደማይነሣ ከአዲስ አበባ ለመጣ፣ ከባሕር ማዶ ለመጣ ሁሉ ነግራለች። ለእነዚህ ግን የነገረቻቸው ስለ ከብት ብቻ ነው።

ከዚያ ነገረቻቸው። ቀስ ብላ፣ ድምጿ እየደከመ። ስትጨርስ ሰርካለም መጥረጊያዋን ከጀርባዋ ደበቀች።

"አብሽሪ፣ የኔ ልጅ" አሉ አያ አሕመዲን። "መልሰን እንበትነዋለን። ሃያ ሰው ነን፤ እስኪመጡ እንጨርሳለን።"

"ማን ቆጥሮት ያውቃል" አለች ሰርካለም።

እውነት ነው፤ ማንም አይለይም። ዙለይሃ ከክምሩ አንዱን አነሣች። የሳሙና ሽታ አለው። ቢበተን ዛሬ ያልፋል፣ ሥራዋም ይተርፋል። ነገ ግን ጎብኚ ፊት ቆማ "ጠራቢው እዚህ ተቀምጦ ነበር" ልትል ነው።

"አይሆንም፣ አያ" አለች። "እስካሁን የማወራው የጥንቱን ሰው ነበር። ከበተናችሁት የማወራው አንቱን ይሆናል።"

"እኔስ ከጥንቱ በምን አንሳለሁ?" አሉ። ሰዉ ፈራ ተባ እያለ ሳቀ፤ እሷም ሳትፈልግ ፈገግ አለች።

"ያልጠረጋችሁት የለም?"

ሰርካለም አሰበች። "እዚያ አጋሙ ሥር። እሾሁ መች ያስጠጋል።"

ዙለይሃ ቁጥቋጦው ዘንድ ሄዳ በሆዷ ተኛች። ነጠላዋን እሾሁ ያዘው፤ ተወችው። ከውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ስንጥር ባልጩቶች እንደወደቁ ናቸው። በግማሽ ክብ ዙሪያውን ተበትነው፣ መኻላቸው ሰው የሚያስቀምጥ ያህል ባዶ ነው።

እንግዶቹ ረፋድ ላይ ደረሱ። ደሳለኝ የሚባለው የወረዳው ባለሙያ ክምሩን አይቶ ፊቱን አጠቆረ። "ይሄን ያዘዘ ማነው?"

"ያነሣነው እኛ ነን" አሉ አያ አሕመዲን።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች ዙለይሃ። "ለእንግዳ ነገርኩ፣ ለጎረቤት ሳልነግር ቀረሁ። የቀረውን ላሳይህ፤ ግን መተኛት አለብህ።"

ደሳለኝ ነጭ ሸሚዙን አየ፤ ከዚያ ተኛ። ብዙ ቆየ። ሲነሣ ክንዱ ተቧጭሯል፤ ድምፁም በርዷል።

"ተዳፋቱን በሙሉ ማስከለል አልችልም" አለ። "የተጠረገው እንዲህ ሆኖ እየታየ ምን ብዬ ልሟገት? ይተከልበታል። አጋሙንና ዙሪያውን ሃያ ክንድ ያህል ግን እንዲታጠር እጽፋለሁ።"

ዙለይሃ አመሰገነችው። የቀረላት ከአንድ የጓሮ መደብ አይበልጥም። ማታ ቤቷ ስትገባ እራት እንኳ አላሰኛትም።

እሑድ ከደሴ አንድ ቤተሰብ መጣ። መጀመሪያ ከዋርካው ሥር አቆመቻቸው። "እነዚህ ታጥበዋል፤ ያዟቸው፣ ጠርዛቸውን በጣታችሁ እዩት" አለች። ዘጠኝ ዓመት "አትንኩ" ስትል ኖራ፣ "ያዙ" ማለቱ አፏ ላይ እንግዳ ሆነባት። ከዚያ ወደ አጋሙ ወሰደቻቸው። አጥሩ ገና አልመጣም፤ በአጥሩ ፈንታ አያ አሕመዲን በትራቸውን መሬት ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

"በሆዳችሁ ተኝታችሁ እዩ" አሉ። "እጃችሁን ግን ወደ ኋላ።"

አባትየው ሱሪውን አራግፎ ተነሣ። "ወርቅ የለበትም?"

ዙለይሃ ልትመልስ ትንፋሽ ሳበች።

"የለበትም" አሉ ሽማግሌው ቀድመዋት። "ተቀመጥ፣ ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ።"

ዙለይሃ ጫማዋን አውልቃ የአጋሙ ጥላ ውስጥ ተቀመጠች። ሲሳሳቱ ልታርማቸው ጆሮዋን ጣል አድርጋ ጠበቀች።