የመሕቡባ ገመድ

መሕቡባ ኹሩጅ፣ ጠቅልሎ መውጫ ቪዛ፣ የጠየቀችው በሚያዝያ ነው። ማመልከቻዋን ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ለኡስታዝ ኸጣብ በእጇ ሰጥታ፣ ሳዑዲ ከገባች ሃያ ሁለት ዓመት እንደሞላት፣ ጉልበቷም እንደከዳት፣ ከእንግዲህ ወሎ ገብታ ማረፍ እንደምትፈልግ ነገረችው። እሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበና አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ሽልማቱ ይለፍና እንነጋገራለን፣ ኢንሻአላህ፣ አላት። መሕቡባ የምን ሽልማት ብላ አልጠየቀችም። አራተኛ ፎቅ ላይ ያልተነጠፉ አሥራ አንድ አልጋዎች ይጠብቋት ነበር።

ሆቴሉ ያለው አል ኸበር ነው፣ ከባሕር ዳርቻው መንገድ ሁለት ሕንፃ ገባ ብሎ። ሐሙስ ከሰዓት ሲሆን ቤተሰቡ ሁሉ ሕፃን፣ አያትና ማቀዝቀዣ ሣጥን ጭኖ ከሪያድና ከአሕሳ ይመጣል። ቅዳሜ ይመለሳል። መሕቡባ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳምንቱን የምታውቀው በዚህ ነው፤ ሰው ሲገባ አሸዋ ይገባል፣ ሰው ሲወጣ አሸዋውን እሷ ታወጣለች። የክፍል ጽዳት ኃላፊ ቢሏትም ጋሪውን የምትገፋው ራሷ ነበረች። ከሷ ጋር የምትሠራው የከሚሴዋ ልጅ ሱዓድ፣ «እታለም፣ አንቺ ኃላፊ አይደለሽ? ቁጭ በይ እንጂ» ስትላት፣ ቁጭ ካለች መነሣቱ ስለሚከብዳት እንደምትቆም ትነግራታለች።

ከሆቴሉ በፊት ደማም፣ አል መዝሩዒያ ውስጥ፣ አንድ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ልጇን መሐመድአወልን በአራት ዓመቱ ሐይቅ ከተማ ላለችው እህቷ ለካሚላ ትታ ስትመጣ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብላ ነበር። መጀመሪያ የገባችበት ቤት ሁለት ዓመት አቆያትና ወደዚህኛው አዞራት። እዚህ የጠበቀቻት ማማ ሸፊቃ የምትባል አሮጊት ነበረች። የማማ ሸፊቃን ዓይን ስኳር በሽታ ወሰደው። ማየት ካቆመች በኋላ የሚያስቸግራት ጨለማው ሳይሆን ሰው እጇን ይዞ ሽንት ቤት ማድረሱ ነበር። ይህን በፍጹም አትቀበልም። ብቻዬን እሄዳለሁ ብላ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ በሁለተኛው የእጇ አንጓ ተሰበረ።

ያን ጊዜ ነው መሕቡባ ያረጁ አንሶላዎችን ቀድዳ እንደ ሹሩባ የጎነጎነችው። ገመዱን ከአልጋው ራስጌ አንሥታ በግድግዳው ላይ፣ በወገብ ከፍታ፣ በየመንጠቆው አሠረችው። ውሃ ያለበት ጠረጴዛ ጋ አንድ ቋጠሮ፣ ሽንት ቤቱ በር ጋ ሁለት፣ መውጫው ጋ ሦስት። ማማ ሸፊቃ በአንድ ቀን ለመደችው። በማግስቱ ጠዋት ማንንም ሳትጠራ ሄዳ ተመለሰች። ሴት ልጇ ስልክ ስትደውል፣ «ዛሬ ብቻዬን ሄድኩ» ስትላት መሕቡባ ሰማች። አሮጊቷ እስክትሞት ድረስ ገመዱ ከግድግዳው አልወረደም። ከሞተች በኋላ ቤቱ ተሸጠ፣ ልጆቹ ተበተኑ፣ የመሕቡባም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ወደ ሆቴሉ ዞረ።

ሆቴል ውስጥ ገመድ መጎንጎን በሐሳቧም አልነበረም። ማመልከቻውን ከመስጠቷ ወራት በፊት ግን፣ አንድ ማክሰኞ፣ አራት መቶ ስምንት ቁጥርን አንኳክታ፣ መልስ ስታጣ ካርዷን አስነክታ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ዓይነ ስውር ናቸው። አቡ ዑበይዳ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በደማም ወደብ ዕቃ ሲያወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ከልጃቸው ጋር አሕሳ ይኖራሉ፣ ልጃቸውም በወር አንዴ ባሕሩን እንዲያሸቱ ያመጣቸዋል። ያን ቀን ልጁ ወደ ፋርማሲ ብቅ ብዬ መጣሁ ብሏቸው ሁለት ሰዓት ቆየ። ባለፈው ወር በቁም ሣጥኑ ጠርዝ ግንባራቸው ስለተፈነከተ ለመነሣት ፈርተዋል። አንሶላው ርሷል። ድምጿን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መሕቡባ ንጹሕ ጀለቢያ አቀበለቻቸው፣ ወደ መታጠቢያው አደረሰቻቸው፣ እሳቸው እስኪወጡ አልጋውን ቀየረች። ልጁ ሲመጣ ክፍሉ እንደሌላው ቀን ነበር። በማግስቱ ግን ከሚጣሉት አንሶላዎች ሦስቱን መርጣ ጎነጎነች።

ገመዱን ስታስር ሽማግሌው በጣታቸው ተከትለው ዳሰሱት። ሁለተኛው ቋጠሮ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ይህ ይላላል፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አሏት። ፈትተው በሌላ መንገድ አሠሩት፤ ወደቡ ላይ መርከብ ሲያቆሙበት የነበረ አስተሳሰር ነው። ሦስቴ አስደግመው አስተማሯት። ስታጠፋ ይስቁባታል። ያን ቀን ከሥራ የዘገየችው በዚህ ነው፣ ስለ መዘግየቷም አለቆቿ ተቆጥተዋታል።

የሽማግሌው ልጅ የገመዱን ነገር ኢንተርኔት ላይ ጻፈው። ከወር በኋላ ሌሎች ሰዎች ደውለው «ገመድ ያለበትን ክፍል» መጠየቅ ጀመሩ። ከሪያድ ሁለት ቤተሰብ መጣ፣ ከባሕሬን ድልድዩን ተሻግረው አንድ ባልና ሚስት መጡ። መሕቡባ በትርፍ ሰዓቷ ለአራት ክፍል ጎነጎነች፤ ሱዓድም አብራት ጎነጎነች። ኡስታዝ ኸጣብ ይህን ሲያይ ነው ሽልማቱ የታሰበው። በምሥራቁ ክልል ላሉ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች በላቀ መስተንግዶና በአዲስ ፈጠራ በየዓመቱ የሚሰጥ ሽልማት ነው። በአንሶላ ቅዳጅ ግን መወዳደር አሳፈረው። ከአንድ የንድፍ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። ሰዎቹ መጥተው ገመዱን አወረዱና ግድግዳው ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት መያዣ ተከሉ፣ በየቦታው በዓይነ ስውራን ፊደል የተጻፈ ትንሽ ሰሌዳ ለጠፉበት። ክፍሉ አማረ። መሕቡባ ገመዶቹን አጥባ፣ አጥፋ የአንሶላ መጋዘኑ ላይኛ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው። ስለ ኹሩጅዋ ስትጠይቅ መልሱ አሁንም ሽልማቱ ይለፍ ነው።

ገምጋሚዎቹ በመስከረም መጡ። ርጥበቱ መስኮቱን በእንፋሎት የሚሸፍንበት፣ አየር ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ስትወጣ ልብስህ ሰውነትህ ላይ የሚጣበቅበት ጊዜ ነው። ሦስት ናቸው። አንደኛዋ ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ ሁሉም ዶክተራ የሚሏት ሴት ነች፤ በሠላሳ ዓመቷ በመኪና አደጋ ዓይኗን ያጣች። መሕቡባ ከሱዓድ ጋር ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ቁሙ ስለተባሉ ነው።

ሴትዮዋ በብረቱ ላይ እጇን እያስኬደች ሄደች። የመጀመሪያውን ሰሌዳ አለፈችው። ሁለተኛውን ነክታ ቆመች፣ ከዚያም ያለ ቁጣ እንዲህ አለች፦ «ያምራል። ግን ይቀዘቅዛል፣ ያንሸራትታል። ይህን ፊደል የማነብ እኔ ነኝ። በሰባ ዓመቱ ዓይኑን ያጣ ሽማግሌ አያነበውም። እንግዶቻችሁ ገመድ ብለው የጻፉት የቱ ነው?»

ኡስታዝ ኸጣብ መዋሸት ይችል ነበር። ወደ በሩ ዞሮ መሕቡባን ጠራት።

እሷም መጋዘን ሄዳ ገመዱን አወረደችው። ብረቱ ላይ ደርባ አሠረችው፣ ቋጠሮዎቹንም አቡ ዑበይዳ እንዳሳዩዋት አጠበቀች። ሴትዮዋ ስለ ቋጠሮው ከመሕቡባ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምታ ሄደች። ውሃውን አገኘች። ሽንት ቤቱን አገኘች። በሩን አገኘችና ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ከዚያ መሕቡባ ወዳለችበት ዞራ፣

«ለማን ብለሽ ነው የሠራሽው?» አለቻት።

መሕቡባ ለሆቴሉ ማለት እንዳለባት ታውቃለች። ኡስታዝ ኸጣብም እያያት ነው። «አንዲት ማማ ነበረችኝ» አለች። «ሰው ይዟት እንዲሄድ አትወድም ነበር።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች።

ሆቴሉ አሸነፈ። በኅዳር ደማም ውስጥ በአንድ ትልቅ አዳራሽ በዓል ተደረገ፤ መሕቡባም አዲስ ዓባያ ተገዝቶላት ተወሰደች። በመድረኩ ላይ የሆቴሉ ስም፣ የባለቤቱ ድርጅት ስም፣ የንድፍ ሰዎቹ ስም ተጠራ። በመጨረሻ «ታታሪዋ ሠራተኛችን መሕቡባ» ተባለና ወጣች። የመስታወቱን ሽልማት ለፎቶ አስያዟት። ከጠበቀችው በላይ ይከብዳል። ፎቶው ሲያበቃ አንድ ጎልማሳ እንዳይሰበር ብሎ ቀስ አድርጎ ከእጇ ተቀበላት። ጭብጨባው ረዘመ። የሚያጨበጭቡላት ሰዎች ከልባቸው እንደሆነ ታይቷታል፣ ደስም ብሏታል፤ ደስታውን ግን የሚቀበል ጉልበት ከውስጧ አጣች። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አወለቀች።

በማግስቱ ኡስታዝ ኸጣብ ቢሮው አስጠራት፣ ተነሥቶም ወንበር ሳበላት። በስድስት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። የሆቴሉ ባለቤት ድርጅት በሦስት ከተሞች ባሉት ሆቴሎች ሁሉ ይህን ክፍል ሊሠራ ወስኗል። መሕቡባ እየተዘዋወረች ታስተምራለች፣ ማዕረጓ ይቀየራል፣ ጋሪ መግፋት ኸላስ፣ አበቃ። ሲናገር ፊቱ እንደ ሕፃን ያበራ ነበር። ስለ ኹሩጁ አላነሣም።

መሕቡባ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ኡስታዝ፣ ደክሞኛል» አለችው።

የሁለት ሳምንት ዕረፍት እንደሚሰጣት፣ ከፈለገችም አንድ ወር እንደሚያደርገው ነገራት።

«የዕረፍት ድካም አይደለም። ልጄ አራት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ጢም አለው። እናቴን ሰው ቀበረልኝ። ገመዱን ሱዓድ ከኔ እኩል ታውቀዋለች፣ በአንድ ቀን የሚለመድ ነገር ነው። ወረቀቴ መሳቢያህ ውስጥ ሰባት ወሩ ነው። አውጣና ፈርምልኝ።»

እንዲህ ረጅም ነገር ለሱ ተናግራ አታውቅም። ኡስታዝ ኸጣብ መሳቢያውን ከፈተ። ማመልከቻው እዚያው ነበር፣ እንደታጠፈ። ፊርማውን ሲያኖር ቀና ብሎ አላያትም፤ ሲያቀብላት ግን፣ «ቀደም ብዬ ማድረግ ነበረብኝ፤ ይቅር በይኝ» አላት። እሷም አላህ ይቅር ይበለን አለችው፤ የምሯንም ነበር።

ወረቀቱ ቢሮ ለቢሮ ሲዞር ሁለት ወር ፈጀ። በዚያ መሃል ሱዓድን አስተማረቻት፣ አቡ ዑበይዳንም ተሰናበተቻቸው። ሽማግሌው ዱዓ አደረጉላት። ያንን የወደብ ቋጠሮ ለመጨረሻ ጊዜ አስሪ ብለው ፈተኗት፣ አሠረች፣ ጎትተው አዩትና፣ «መርከብ ያቆማል» አሏት።

ሐይቅ ስትገባ ጥር መጨረሻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ንጋት ላይ ብድግ እያለች የካሚላን ቤት አልጋዎች ሁሉ ወጥራ ታነጥፍ ነበር። እህቷ ተይ ብትላት አልሆነላትም። መሐመድአወል እናቱን አንቱ ይላታል፤ አንቺ ለማለት አፉ አልፈታለትም፣ እሷም አላስገደደችውም። ቀስ እያለ እንቅልፍ መጣላት፤ ረፋድ ላይ፣ ከሰዓት፣ አንዳንዴም ሰው እያናገራት። ሱዓድ በድምፅ መልእክት፣ የመውጫውን ሦስት ቋጠሮ ትታ በምትኩ ሰፊ ጨርቅ እንዳሠረች፣ እንግዶች ቆጥረው ስለሚሳሳቱ እንደሆነ ነገረቻት። መሕቡባን መጀመሪያ ቅር አላት። መልእክቱን ደግማ ሰማችውና የሱዓድ ይሻላል አለች።

በሚያዝያ አንድ የሰፈሩ ሰው መጣ። በሐይቁ ዳር ለጎብኚዎች ማረፊያ እየሠራ ነው። ሽልማቷን ከሰው ሰምቶ፣ መስተንግዶውን እንድትመራለት ሊለምን ነው የመጣው። ብዙ አወራ። ስለ ጀልባው አወራ፣ ሐይቁ ዳር ስላለው ገዳም ጎብኚዎችም አወራ፤ ከዚህ አካባቢ እንዳንቺ ያለ ሰው የለም አላት። መሕቡባ በዓይኗ ወለሉን እያየች አዳመጠችው።

«ስንት ክፍል ነው?» አለችው በመጨረሻ።

«ስድስት።»

«የመታጠቢያው ወለል ያንሸራትታል?»

ሰውየው እንዳላሰበበት ነገራት።

«እሱን አስብበት» አለችው። «እኔን ግን ከመስከረም በፊት አትጥራኝ። ገና ተኝቼ አልጠገብኩም።»

ሰውየው ሲወጣ እስከ በሩ ሸኘችው። ከዚያ ተመልሳ ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።