ከድልድዩ ወዲህ

አክስቴ ዋጊራህ ቁጭ ብላ ስትበላ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እኔ እስከ አምና ድረስ አላየሁም። ሳህኗን በግራ እጇ ይዛ አንዴ ወደ ጓዳ፣ አንዴ ወደ ደጅ እያለች ነው የምትጎርሰው። ገበያ ላይ ከአኩሪ አተር የምትሠራውን ቴምፔዋን በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ስትሸጥም ቆማ ነው፤ በርጩማ ቢሰጧት ቅርጫቷን ታስቀምጥበታለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ይብስባታል። ጫማዋን እየጎተተች እስከ መንገዱ አፍ ትሄዳለች፣ ወደ ድልድዩ ታያለች፣ ትመለሳለች። ምን ፈልጋ እንደሆነ ስትጠየቅ "ዶሮዎቹን" ትላለች። ዶሮዎቿ እኮ ከገቡ ቆይተዋል!

ሌላም አመል አላት። እርጥብ ቀርከሃ የማገደ ሰው ከምላሷ አያመልጥም። ቀርከሃ ሲነድ አንጓው ጧ እያለ ይፈነዳል፤ እሷ ያን ድምፅ ስትሰማ ብርክ ይይዛታል። በሠርጌ ዕለት ወጥ ሠሪዎቹ ሳያውቁ ቢማግዱት ባልዲ ሙሉ ውሃ እሳቱ ላይ ደፋችበት። እንግዳው ሁሉ ጦሙን ሊያድር ነበር። ባለቤቴ እስካሁን ቂም ይዛባታለች።

ይህ ሁሉ ያለመርጋት የመጣው ከአባቷ ነው። አባቷን ቱኪራንን የሆላንድ ወታደሮች ሲወስዱት እሷ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አገራችንን ለቀው ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ነው የወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ከተማ ወስደው ረሸኑት ያለ አለ፤ አምልጦ ሰማራንግ ከተማ ገብቶ ሌላ ሚስት አገባ ያለም አለ። የኋለኛውን ወሬ እስከ ዛሬ የሚያሟሙቁት ጎረቤታችን አባባ ካርሶ ናቸው። እናቷ ጂየም ግን እስክትሞት ድረስ ማታ ማታ መንገዱ አፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው። አክስቴ ከእናቷ የወረሰችው ያንን መቆም ነው።

"ሞቶ ከሆነ ቀኑን ልወቅና ላብላለት። ጥሎን ሄዶ ከሆነም ልወቅና ልርገመው" ትለኝ ነበር። በእኛ ዘንድ ሙት የሚታሰበው የሞተበት የሳምንቱ ቀንና በየአምስት ቀኑ የሚዞረው የገበያው ቀን ዳግመኛ ሲገጣጠሙ ነው። ቀኑ ያልታወቀ ሰው እንደ ሙትም አይታሰብ፣ እንደ ሕያውም አይጠበቅ። ያበሳጫል።

አምና ላራስ የምትባል ልጅ ከዮግያ ከተማ መጣች። ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጣ የሆላንዶችን የመጨረሻ ዓመታት ወረቀቶች የምታጠና ናት። አንዱ ወታደራዊ ሪፖርት ላይ የመንደራችንን ስም አግኝታ፣ ኮፒውን ይዛ ነው የመጣችው። ቱኪራን መገደሉን በረንዳው ላይ ቀስ ብላ ነገረቻት። ቀኑን ስልኳ ላይ አሰላችና "ረቡዕ ነው እትዬ፤ የገበያው ቀን ደግሞ ዋጌ" አለቻት።

አክስቴ አላለቀሰችም። "ረቡዕ ዋጌ ደረሰ እኮ! ዶሮ የለኝም" አለችና ወደ ጎረቤት ሮጠች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። በኮኮናት ወተት የበሰለው ሩዝና ሙሉው ዶሮ ቀረበ። የመንደሩ ሼክ ዱዓ ሊጀምሩ ሲሉ አክስቴ አስቆመቻቸው።

"መጀመሪያ ወረቀቱ ይነበብ። ሰው ሁሉ ይስማ።"

ላራስ አመነታች። የሚያስጠላ ቃል እንዳለበት ታውቃለችና። ቢሆንም አነበበች፦ "ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እስረኛው ቱኪራን ሲሸሽ፣ ከድልድዩ በስተምሥራቅ ተተኩሶበት ሞቷል።"

"ሲሸሽ!" አሉ አባባ ካርሶ ጭናቸውን መትተው። "አላልኳችሁም? ያ ሰውዬ መሸሽ ያውቅበታል ብዬ!"

ዶሮውን አንስቼ ልወረውርባቸው ምንም አልቀረኝም። ሼኩ ግን ሌላ ነገር ነው የከነከናቸው።

"ቆይ ቆይ፤ ስንት ሰዓት አልሽ ልጄ?"

"ከምሽቱ አንድ።"

"መግሪብ ካለፈ በኋላ ነዋ! እንዲያማ ከሆነ ረቡዕ አልቋል፤ ሐሙስ ክሊዎን ገብቷል።"

ላራስ ደንግጣ አፏን ያዘች። በእኛ ዘንድ ቀን የሚለወጠው ጀንበር ስትጠልቅ ነው፤ እሷ ግን እንደ ሆላንዶቹ ከእኩለ ሌሊት ነበር የቆጠረችው። "ይቅርታ እትዬ፣ ወረቀት ላይ ስውል ጊዜ እኮ..." ብላ ሳትጨርስ አባባ ካርሶ ቀበል አደረጉና፣ "ዋጌማ የዋጊራህ የራሷ ቀን ነው፤ ስሟንም ያወጡላት በሱ ነው። በቁሟ ተዝካሯን ልንበላላት!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ አውካካ።

"ምን ችግር አለው፣ ጀንበር እስክትጠልቅ እንጠብቃለና" አሉ ሼኩ።

አክስቴ አልሳቀችም። ወረቀቱን ላራስ እጅ ላይ እያየች፣ "በስተምሥራቅ ነው ያልሽው?" አለች።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ያሰሩት ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ነበር፤ ከድልድዩ ማዶ በምዕራብ።" ወደ አባባ ካርሶ ዞረች። "ሸሸ ይላል። ይሁን። ወዴት ነበር የሸሸው?"

አባባ ካርሶ ጢማቸውን አሻሹ። መልሱ እንኳን ለሳቸው ለሕፃንም አይጠፋም።

"ወደ... ወደ ቤቱ" አሉ በመጨረሻ።

ሁላችንም አፈርን፤ እኔም ጭምር፣ ያንን ወሬ አንዳንዴ በልቤ አምኜው ነበርና። ጀንበሯ አዘቀዘቀች፣ ዶሮው ቀዘቀዘ። አክስቴ እንደ ልማዷ ተነሥታ ስትወጣ ተከተልኳት። መንገዱ አፍ ላይ ቆመች። ድልድዩ እዚያው ነው፤ ሰው ቢጣራ ይሰማል።

"አንድ ማታ እዚህ ቆመን እየጠበቅነው ነበር" አለች። "እናቴ ድንገት አንጠልጥላኝ ቤት ገባች። ጆሮዬን በሁለት እጇ ደፈነችው። 'አይዞሽ፣ ቀርከሃ ነው፤ ሰዎች ቀርከሃ እያነደዱ ነው' አለችኝ።"

እኔም ወደ ድልድዩ አየሁ።

"ሰምታዋለች እኮ" አለች። "አባቴ ሲሞት ሰምታዋለች። በማግስቱም እዚሁ መጥታ ቆማ ጠበቀችው።"

አዛን ተሰማ። አክስቴ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና ወደ ቤት ተመለሰች፤ ስለ ዶሮዎቹ ምንም አላለችም። ሼኩ ዱዓውን ሲጨርሱ አባባ ካርሶ ጠጋ አሉላት። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሩዙ ረግቷል። ቁጭ ብላ በላች።